ማልያው የማን ነው?

ካዛንቺስ፦ ትናንት የፈረሰኞቹ ልጅ «ውጭ የተወለዱት የክብር እንግዶቻችን ናቸው፤ የብሔራዊ ቡድናችን፣ የዋልያው ማልያ ግን የባለቤቱ ነው» ብሎን ሄደ። ራቴ አልወረደልኝም። እናቱ የደብረ ማርቆስ፣ አባቱ የወልቂጤ የሆነ ልጅ የማን እንግዳ ነው?

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ አሁንም እላለሁ። አውሮፓ አካዳሚ ያደገ ልጅ መጀመሪያ የሚያልመው የእነሱን ማልያ ነው። እዚያ በሩ ሲዘጋበት «እናት ሀገሬ» ይላል። ትራፊ አንፈልግም።

የሜሪላንዱ አባት፦ ወንድሜ፣ የእኔ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። እዚህ «ከየት ነህ?» ይሉታል፤ ቦሌ ስንደርስ ደግሞ በውጭ ዜጎች መስመር ነው የምንሰለፈው። ጨዋታው ሳይጀመር ቢጫ ካርድ ያየ ልጅ ነው።

ቡናማው፦ ሃሃሃ! ቢጫው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፣ የ1994ቱ አዋጅ፤ ያለ ቪዛ ያስገባዋል። ቀዩ የዜግነት አዋጁ 378/1996 ነው። ሲወለድ አንተ ኢትዮጵያዊ ነበርክ?

የሜሪላንዱ አባት፦ ግሪን ካርድ ላይ ነበርኩ።

ቡናማው፦ እንግዲያው 18 በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካውን ካልተወ የእኛው ይቀርበታል። ፊፋ ደግሞ በቢጫ ካርድ አያሰልፍም፣ ዜግነት ነው የሚጠይቀው።

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ ይተዋዋ! ሀገሩን የሚወድ ፓስፖርት አይሰስትም።

የሜሪላንዱ አባት፦ አንተ ዲቪ ሞልተህ አታውቅም?

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ ምን አገናኘው?

ቡናማው፦ ሞልቷል።

ካዛንቺስ፦ «ባለቤቱ» የምትለዋን እንዳትረሳት። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ አምበሉ ማን ነበር? ሉቺያኖ ቫሳሎ! ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ፍጻሜ አግብቷል። አባታቸው ጣሊያን ነው፣ ያውም ወራሪው ጣሊያን ከሀገራችን ከወጣ ገና 20 ዓመቱ። ጃንሆይ ዋንጫውን ለእንግዳ ነው የሰጡት?

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ እነሱ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ ናቸው።

ቡናማው፦ አስመራ «እዚሁ» ነው?

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ ያኔ ነበር።

ካዛንቺስ፦ ኧረ በማርያም፣ እሱን ዛሬ አትጀምሩት።

የአዳማ ልጅ፦ እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ሁለት ወርቅ ስትወስድ «የአዳማ ልጅ፣ ደማችን» ያላችሁ እናንተ ናችሁ። በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ትዕግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ስትቀድማት ግን «ያቺ ሆላንዳዊት» ሆነች። የቱርክ ዝርያ ያለው ኦዚል እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመንን ቡድን ሲለቅ ያለው ይህንኑ ነው፦ ስናሸንፍ ጀርመናዊ፣ ስንሸነፍ ስደተኛ።

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ ገፍታታለችኮ! ቪዲዮው አለ።

የአዳማ ልጅ፦ የእኛም አቤቱታ ውድቅ ሆኗል። ስለ ግፊያ ማን ጠየቀህ?

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ አንቺ ነሽ ያነሳሽው፣ እህቴ።

ካዛንቺስ፦ ሞሮኮ በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከ26ቱ 14ቱ ውጭ የተወለዱ ነበሩ። ሐኪሚ ማድሪድ፣ ዚየች ሆላንድ። «ትራፊ» ያላቸው ሞሮኳዊ አልሰማሁም።

ጋሽ መንገሻ፦ ልጆች፣ ሞሮኮ እኮ ሜዳም አላት። እ.ኤ.አ. በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 የረታነው «በሜዳችን» ነው ተብሎ ነበር፤ ሜዳችን ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካፍ የእኛን ስታዲየሞች ስላገደ። ባለቤት የምትሉት ራሱ ተከራይ ሆኖ ሳለ እንግዳ ይመርጣል?

ቡናማው፦ ጋሼ ጨረሱት!

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ አንተ ዝም በል፣ ቡና ክለብህን አይተነዋል።

ቡናማው፦ አቤት! አሁን ክለብ ውስጥ ገባህ? ና እንግዲህ።

ካዛንቺስ፦ ይኸው ተጀመረ።

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ የሜሪላንዱ፣ ልጅህ ግን የት ቦታ ነው የሚጫወተው?

የሜሪላንዱ አባት፦ የግራ ተመላላሽ።

ቡናማው፦ ዳያስፖራ ድሮም ተመላላሽ ነው።

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ ይፈጥናል?

ካዛንቺስ፦ ትራፊ አልነበረም እንዴ?

የፈረሰኞቹ ልጅ፦ ሰው መጠየቅ ክልክል ነው? ቪዲዮ ካለህ በውስጥ ላክልኝ፣ ወንድሜ።