ሃይስኩል ያስነበቡንን መጽሐፍ ካደጋችሁ በኋላ ደግማችሁ ያነበባችሁ አላችሁ?

ሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ወገኖች። አሜሪካ የመጣሁት በ15 ዓመቴ ነው፣ 10ኛ ክፍል ኢንግሊሽ ክላስ ላይ የጆን ስታይንቤክን ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን ሰጡን። አጭር ናት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን የእርሻ ሠራተኞቹ አነጋገር ዲክሽነሪ ላይ የማይገኝ ሆነብኝና ለፈተና ያህል ብቻ አነበብኳት፣ የቀረልኝም መጨረሻ ላይ ጆርጅ ጓደኛውን ሌኒን መግደሉ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ፓርኪንግ ቤት የሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ደገምኳት። ሌላ መጽሐፍ ሆነችብኝ! አሁን ያየሁት ሂሳቡን ነው። ጆርጅና ሌኒ ሊገዟት የሚመኟት መሬት 600 ዶላር፣ ጆርጅ ኪስ ያለው 10፣ ደሞዛቸው በወር 50 50፣ አንድ እጁን ያጣው ሽማግሌ ካንዲ ደግሞ የካሳ ብሩን፣ ባንክ ያስቀመጠውንና የወሩን ደሞዝ ደምሮ 350 አለኝ አስገቡኝ ሲላቸው፣ አንድ ወር ምንም ካላወጣን 450 ይሞላል እያሉ ሲደምሩ እኔም አብሬ እየደመርኩ ነበር። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አገር ቤት ቦታ እንገዛለን ብለን እቁብ መጣል ከጀመርን 6 ዓመታችን ነው። እናንተስ እንዲህ የተለወጠባችሁ መጽሐፍ አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እኔም እሷኑ ነው የደገምኩት። ያኔ ኤሴዬ ላይ ጥፋቱ ሁሉ የእርሻው ጌታ ልጅ የከርሊ ሚስት ነው ብዬ ጥሩ ማርክ አግኝቻለሁ። አሁን ሳነባት ለካ ደራሲው ስም እንኳን አልሰጣትም። ሆሊውድ አስገባሻለሁ ያላት ሰውዬ ደብዳቤ ሲቀርባት ከርሊን አገባች፣ ግቢው ውስጥ የምታወራት አንዲት ሴት የለችም። ባሌን ተከትዬ ሰው የማላውቅበት ስቴት 2 ዓመት ኖሬአለሁ፣ በየበሩ ብቅ የምትለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ዳላስ ነኝ፦
ለኔ የፈረስ ጋጣ ሠራተኛው ክሩክስ ነው። ጥቁር ስለሆነ ብቻውን ጋጣው ጎን ነው የሚያድረው፣ ካርድ እንኳን አያጫውቱትም። ክላሳችን ውስጥ ጥቁር እኔና አንድ ልጅ ብቻ ነበርን፣ ቲቸሯ ያቺን ስድብ ጮክ ብላ ስታነብ ሁሉም ዞሮ እኛን አየ፣ ከዛ በኋላ መጽሐፉን ለ15 ዓመት አልነካሁትም። አምና ኦዲዮውን መኪና ውስጥ ሰማሁት። ክሩክስ መጀመሪያ መሬት መሬት ያለ ሁሉ ባዶ እጁን ነው የቀረው ብሎ ያጣጥልባቸዋል፣ ብሩ እንዳለ ሲሰማ ግን እኔም በነጻ ልሥራላችሁ ይላል፣ የከርሊ ሚስት አስፈራርታው ከሄደች በኋላ ደግሞ ያልኩትን እርሱት ይላቸዋል። መኪናዬን ዳር አቁሜ ነው የጨረስኩት።

መምህርት፦
እዚሁ ኢንግሊሽ አስተምራለሁ። ስታይንቤክ መድረክ ላይ እንድትሠራ አስቦ ነው የጻፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ታትማ በዚያው ዓመት ብሮድዌይ ታይታለች። ስለዚህ አዲስ ለመጡ ልጆች ተራ በተራ ድምፅ አውጥተን ነው የምናነባት፣ ያ አነጋገር ለዓይን ይከብዳል እንጂ በጆሮ ይገባል። ሌሊት ፈረቃ፣ የካንዲን ውሻ ልብ ብለሃል? ሌላ ሰው ሲገድልበት ዝም ይልና በኋላ ለጆርጅ ራሴ ነበርኩ ማድረግ የነበረብኝ ይለዋል። መጨረሻው እዛ ጋ ነው የተዘጋጀው።

ሌሊት ፈረቃ፦
እሱን አላየሁትም ነበር እትዬ፣ አመሰግናለሁ። እኔን የያዘኝ የከርሊ ሚስት በሌኒ እጅ ከሞተች በኋላ ያለው ነው፣ ጆርጅ ለካንዲ ከመጀመሪያውም እንደማይሆን ሳላውቀው አልቀረሁም፣ ሌኒ ወሬውን ስለሚወደው ሳወራለት እኔም ይሆናል ማለት ጀመርኩ ዓይነት ነገር ይለዋል። ለእቁብ ጓደኞቼ ላንብብላቸው ወይስ ይቅር ስል ነው የሰነበትኩት። እሁድ እንገናኛለን፣ ይዣት እሄዳለሁ።