ለጠይም ፊት የሚሆን የፀሐይ መከላከያ አዳማ ውስጥ ከየት ይገኛል?

ሰላም እህቶቼ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ሥራዬ ከሱቅ ሱቅ መዞር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነኝ። ጠይም ነኝ፤ ፊቴ ወዛም ነው፣ ብጉርም ቶሎ ያወጣል።

እናቴ የምትቀባው መልክ የሚያቀላ ክሬም ክሎቤታሶል እንዳለበት የቆዳ ሐኪም ከነገረን ወዲህ፣ ቤት ያለውን መቀባቢያ ሁሉ ጀርባውን እያነበብኩ ነው። ክሎቤታሶል ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት) ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል። በጣም ደንግጫለሁ። ፋውንዴሽኔንና ሽቶ ያለባቸውን ቅባቶች ትቻለሁ። እሬት ተስማምቶኛል፤ የኮኮናት ዘይት ግን ግንባሬን በብጉር ሞላው። ሎሚ ቀቢ የሚሉኝ አሉ፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል፣ እሱን አትምከሩኝ።

የቸገረኝ የፀሐይ መከላከያው ነው። ዚንክ ኦክሳይድ (ፀሐይን የሚከላከል ነጭ ማዕድን) ያለበት ገዝቼ ሞከርኩ። ቆዳዬን አልቆጣውም፤ ግን ፊቴን አመድ የተነፋበት ያስመስለዋል፣ በአዳማ ሙቀት ላብ ሲመጣ ደግሞ ነጭ ሆኖ አንገቴ ላይ ይወርዳል። አይረን ኦክሳይድ (ቀለም የሚሰጥ ማዕድን) የተጨመረበት ባለ ቀለሙ ለእኛ መልክ የተሻለ ነው፤ የጠየቅኳቸው ፋርማሲዎች ግን ያላቸው ነጩን ብቻ ነው።

ጠይምና ወዛም ፊት ያላችሁ የአዳማ ልጆች፣ ሽቶ የሌለበት ባለ ቀለም ዚንክ ኦክሳይድ የትኛውን፣ ከየት ነው የምትገዙት?