በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ተጨማሪ ሞኒተሮችን ስለማገናኘት

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ሰነድ መተርጎም ስለሆነ ዋናውን ጽሑፍ በአንድ ሞኒተር፣ ትርጉሙን በሌላው፣ መዝገበ ቃላቱንና ኢሜይሉን ደግሞ በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ከፍቼ ለመሥራት እፈልጋለሁ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ሲሆን አንድ የኤችዲኤምአይ፣ አንድ የዩኤስቢ ሲ እና ሁለት የተለመዱ የዩኤስቢ መሰኪያዎች አሉት። ካሉኝ ሁለት ሞኒተሮች አንዱ ኤችዲኤምአይ ይቀበላል፤ ሌላው የቆየ በመሆኑ ቪጂኤ የሚባለው የድሮ የምስል መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። የኤችዲኤምአይ ስፕሊተር ገዝቼ ሁለቱንም ከአንዱ መሰኪያ ላይ እንድቀጥል ተመክሬአለሁ። በዚህ መንገድ ሦስት የተለያዩ ገጾችን ማየት እችላለሁ?

መልስ 1፦
ስፕሊተሩን ባይገዙ ይሻላል። የስፕሊተር ሥራ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን አንድ ምስል አባዝቶ ለብዙ ስክሪኖች ማድረስ ነው። በአዳራሽ ለተሰቀሉ ቴሌቪዥኖች ይጠቅማል፤ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለቱም ሞኒተሮች ያንኑ ገጽ ያሳያሉ። የሚያስፈልግዎ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት የምስል መውጫዎች ናቸው፤ አንዱ ኤችዲኤምአዩ ሲሆን ሁለተኛው ዩኤስቢ ሲው ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ሆኜ ያልተናገርኩት ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ምስል ስለማያወጣ ነው፤ ቅርጹ አንድ ዓይነት ቢሆንም ምስል የሚያወጣው ተንደርቦልት የሆነው ወይም ዲስፕሌይፖርት አልት ሞድ የሚባለውን የሚደግፈው ብቻ ነው። ከመሰኪያው አጠገብ የታተመው ምልክት አንዳንዴ ስለሚያሳስት፣ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዘው የአምራቹን መግለጫ ቢያነቡ ይመረጣል። ምስል የሚያወጣ ከሆነ ከዩኤስቢ ሲ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ይበቃዎታል።

ጠያቂ፦
ስለ ማብራሪያው ከልብ አመሰግናለሁ። መግለጫውን አነበብኩት፤ ዩኤስቢ ሲው ለዳታና ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነው ይላል። ሌላ መንገድ ይኖራል?

መልስ 2፦
አለ፤ ዲስፕሌይሊንክ የሚባለው ቺፕ ያለበት የዩኤስቢ አዳፕተር ነው። ይህ አዳፕተር የላፕቶፑን የምስል መውጫ አይጠቀምም፤ በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር ምስሉን ጨምቆ እንደ ማንኛውም ዳታ በዩኤስቢ ይልከዋል፣ አዳፕተሩም ፈትቶ ለሞኒተሩ ያቀርበዋል። በዚህ ምክንያት ከፕሮሰሰሩ አቅም የተወሰነውን ይወስዳል፤ ለጌምና ለቪዲዮ ቅንብርም አልመክረውም። ለጽሑፍ ሥራ ግን በሚገባ ያገለግላል። ሲገዙ ቺፑ ምን እንደሆነ ሻጩን አጥብቀው ይጠይቁ፤ መልስ 1 ላይ የተጠቀሰው ተራ አዳፕተር በመልክ ከዚህኛው ጋር ቢመሳሰልም በእርስዎ ዩኤስቢ ሲ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። አዲሱን ሞኒተር በቀጥታ በኤችዲኤምአይ ያገናኙት፤ የቆየውን ቪጂኤ መውጫ ባለው የዲስፕሌይሊንክ አዳፕተር፣ ከተቻለ በዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ በኩል ይቀጥሉት፤ ብዙ የማይንቀሳቀሰውን ዋናውን ጽሑፍም በእሱ ላይ ይክፈቱ።

መልስ 3፦
በመልስ 2 እስማማለሁ፤ ከተገናኙ በኋላ ስላለው ሥራ ልጨምር። የዊንዶውስ ቁልፍንና የፒ (P) ፊደል ቁልፍን አንድ ላይ ተጭነው፣ ስክሪኖቹ የተለያየ ገጽ እንዲያሳዩ የሚያደርገውን ኤክስቴንድ የሚለውን ይምረጡ። ከዚያም በሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎ ዲስፕሌይ የሚለውን ሲከፍቱ ቁጥር ያላቸው ሳጥኖች ይታያሉ፤ ሞኒተሮቹ በጠረጴዛዎ ላይ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል እየጎተቱ ያስተካክሏቸው፤ አለበለዚያ ማውሱ ወደ ቀኝ ሲሄድ በግራ በኩል ይወጣብዎታል። በቪጂኤው ሞኒተር ላይ ፊደሉ ከደበዘዘ መጀመሪያ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥቦች ብዛት) ሞኒተሩ በተሠራበት ልክ ያድርጉ፤ ከዚያ በራሱ በሞኒተሩ ላይ ያለውን ኦቶ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። የግዕዝ ፊደላት ጥቃቅን ልዩነት ስላላቸው ይህን ችላ ባይሉት እመክራለሁ።

መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ የሚሠሩ ከሆነ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ሞኒተሮቹ ስለሚጠፉ የተከፈቱት ገጾች ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ሊሰበሰቡ ይችላሉ። እዚያው ዲስፕሌይ ውስጥ መልቲፕል ዲስፕሌይስ በሚለው ሥር፣ የገጾቹን ቦታ በሞኒተሮቹ ግንኙነት መሠረት እንዲያስታውስ የሚያዝዘው ሳጥን ላይ ምልክት ካደረጉ፣ መብራት ሲመለስ ዊንዶውስ 11 ገጾቹን ወደየነበሩበት ይመልሳቸዋል።