ለአጋዘን አደን በእጅ የሚቀባበል ርካሽ ጠመንጃ፦ የትኛውን፣ በየትኛው ጥይት ልግዛ?

ጥያቄ፣ ጀማሪው (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)
ጤና ይስጥልኝ። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ይዣለሁ፤ በዕጣ የሚሰጠው የአጋዘን ፈቃድም ለመጪው ጥቅምት ደርሶኛል። የቀረኝ ጠመንጃው ነው። አያቴ ምንሽራቸውን ሲወለውሉ እያየሁ ባድግም፣ እኔ ራሴ ተኩሼ አላውቅም። ያለኝ 700 ዶላር ሲሆን ማነጣጠሪያ መነጽሩም ከዚሁ መውጣት አለበት። ሩገር አሜሪካን እና ሳቪጅ አክሲስ የሚባሉትን ጠመንጃዎች አይቻለሁ። ሻጩ 30-06 የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰውን ውሰድ ይለኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ 243 የሚባለው አነስተኛ ጥይት ይበቃሃል ይላል። ወደፊት ኤልክ የሚባለውን ግዙፉን አጋዘን የማደን ሐሳብም ስላለኝ ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፣ ተራራው
ጥይቱን መጀመሪያ ይምረጡ፣ ጠመንጃው ይከተላል። የኮሎራዶ ደንብ አረሩ ሲመታ የሚስፋፋ ዓይነት ሆኖ ክብደቱ ለአጋዘን ከ70፣ ለኤልክ ከ85 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ 243 በ100 ግሬይን አረር ሁለቱንም በሕግ ያሟላል። ይሁንና ኤልክን በ243 መጣል የተካነ እጅ ይፈልጋል። የ30-06 እርግጫ ደግሞ ከ243ቱ እጥፍ ገደማ ነው፤ ትከሻው የፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው 308 ዊንቸስተር በመካከላቸው የሚገኝ ሲሆን ጥይቱም ከሱቅ አይጠፋም። የእኔ ምርጫ እሱ ነው።

መልስ፣ ቀለህ
በ308 እስማማለሁ፤ እርግጫ ካሰጋዎት ግን 6.5 ክሪድሞር የሚባለው ጥይት ለስለስ ይላል። ከጠመንጃዎቹ ሩገሩን እመርጣለሁ፤ የቃታው ክብደት ይስተካከላል፣ መቀባበያውም 70 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሳ እጅዎ ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም። የሁለቱም ሰደፍ ፕላስቲክ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት ወረቀት በበርሜሉና በሰደፉ መካከል ያንሸራትቱ፤ ከያዘ ሌላውን ያስወጡልዎት።

መልስ፣ የቆላው ልጅ
የመነጽሩን ነገር ማንም አላነሳውም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት መነጽሩ ከነጠመንጃው ታስሮ የተሸጠልኝን ይዤ ተኩስ ሜዳ ወጣሁ። ሦስት ጥይት አንድ ቦታ ካረፈ በኋላ አራተኛው አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄደ፣ አምስተኛው ጭራሽ የዒላማውን ወረቀት ሳተ። ጥይቱንም ራሴንም ስረግም ውዬ ቤት ስገባ የመያዣው ብሎን በጣት ይዞር ነበር! ዓይኔንም አስጠግቼ ስለነበር ቅንድቤ ላይ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ አትርፌያለሁ። ብሎኖቹን ራስዎ ያጥብቁ፤ ዓይንዎንም 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁ። ከዚያም በ100 ያርድ ላይ ከመሃሉ 2 ኢንች ከፍ ብሎ እንዲመታ ካስተካከሉት፣ 308ቱ በ200 ያርድ መሃሉ ላይ ያርፋል።

ጀማሪው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሩገሩን በ308 ከፍያለሁ፤ የሦስት ቀን መጠበቂያ ስላለ ሐሙስ እረከበዋለሁ። በበርሜሉና በሰደፉ መካከል ያንሸራተትኩት ወረቀት ያለችግር አልፏል፣ ሻጩ ግን ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶት ነበር። ጥይት ስንት ሣጥን ይበቃኛል?

ተራራው
ባለ 20 ፍሬውን አራት ሣጥን፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርገው ይግዙ፤ ዓይነቱ ከተቀየረ የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራልና። መነጽሩን ካስተካከሉ በኋላ ከተኩስ ሜዳው ጠረጴዛ ይነሡና ተቀምጠው፣ ተንበርክከውም ይተኩሱ፤ ተራራው ላይ ጠረጴዛ የለም።