ታይሮይዱ ዓይኔን ነካብኝ፣ እቤት ምን ላድርግ?

ሐምራዊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግሬቭስ (የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ከልክ በላይ እንዲያመነጭ የሚያደርግ በሽታ) አለብሽ ከተባልኩ ቆየሁ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰድኩ ነው፣ የልብ ምቴም ክብደቴም ተመልሷል፣ የደም ምርመራውም ጥሩ ነው ተብያለሁ፣ አሁን ያስቸገረኝ ዓይኔ ነው። ጠዋት ቆቡ አብጦ ነው ምነሳው፣ ቀኑን ሙሉ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፣ ብርሃን አልችልም፣ ትንሽ ነፋስ ሲነካኝ ደግሞ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ምን ሆነሽ ነው ምታለቅሺው ይለኛል። ያፈጠጥኩ ስለምመስል ፎቶ መነሳትም ትቻለሁ። የዓይን ሐኪም አይቶኝ ደረጃው ቀላል ነው፣ ሰው ሰራሽ እንባ ተጠቀሚ፣ ቀጠሮሽን ጠብቂ ብሎኛል። ግን ዓይኔ እንዲህ እያነባ የእንባ ጠብታ ለምን ይታዘዝልኛል? ሆርሞኔ ተስተካክሎ እያለስ ዓይኔ ለምን አብሮ አልተስተካከለም? እቤት ምታደርጉትን በተለይ ለሌሊት በዝርዝር ንገሩኝ እባካችሁ።

ዕንቁ21፦
አይዞሽ እህቴ፣ ሁለቱም ጥያቄ የብዙዎቻችን ነው። ዓይንሽ ሚያነባው ስለደረቀ ነው። የላይኛው ቆብ ወደላይ ተስቦ ዓይኑም ወደፊት ስለወጣ ለአየር የተጋለጠው ቦታ ሰፍቷል፣ ስታርገበግቢም በደንብ አይከደንም፣ እርጥበቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ዓይኑ ሲቆጣ ደግሞ ሰውነት ውሃ ውሃ የሚል እንባ በአንዴ ይለቃል፣ ያ እንባ ዓይን ላይ አይቆይም፣ ጉንጭሽ ላይ ነው ሚወርደው። ስለዚህ ጠብታውን እስኪቆረቁርሽ አትጠብቂ፣ ሰዓት ለይተሽ ቀድመሽ ተጠቀሚ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ምትጠቀሚ ከሆነ ፕሪዘርቫቲቭ የሌለውን ጠይቂ፣ ማቆያው ራሱ ሲደጋገም ዓይን ያስቆጣል። ዓይን የሚያነጣ፣ ቅላት የሚያጠፋ የሚባለውን ጠብታ ግን አትንኪው፣ ደም ስሩን አጥብቦ ለጊዜው ያነጣዋል እንጂ ድርቀቱን አይነካም፣ ሲለቅ ብሶ ነው ሚቀላው።

የሆርሞኑ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፣ ታይሮይዱን የሚያጠቃው የሰውነት መከላከያ ከዓይን ኳስ ጀርባ ያለውን ስብና ጡንቻም ያጠቃል፣ ያ ሲያብጥ ዙሪያው አጥንት ስለሆነ ዓይኑን ወደፊት ይገፋዋል። መድኃኒትሽ ሆርሞኑን ያስተካክላል እንጂ የዓይኑ የራሱ ጊዜ አለው፣ ብዙ ሰው ላይ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ገደማ ይቆይና ይረጋጋል። እስከዛ ግን ሆርሞኑን ችላ ማለት የለም፣ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ዓይኑን ያብሰዋል።

ማለዳ፦
ሌሊቱን እኔ ልንገርሽ፣ ከጠብታው ሁሉ በላይ እኔን ያሳረፈኝ እሱን ማስተካከሌ ነው። መጀመሪያ ስትተኚ ዓይንሽ ይዘጋል ወይ? አንቺ አታውቂውም፣ እንቅልፍ ሲወስድሽ አብሮሽ ያለ ሰው ይይልሽ። የኔ ከታች በኩል ነጩ እንደ ክር ቀጥኖ ክፍት ያድር ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ሚያቃጥለኝ ለካ ለዛ ነው። አሁን የዓይን ቅባት እቀባለሁ፣ ግን ጥርሴን ቦርሼ ስልኬን አስቀምጬ ሁሉን ነገር ከጨረስኩ በኋላ ነው ምክንያቱም ከተቀባሽው ቤቱ ሁሉ ጭጋግ ይሆንብሻል። እጄን እታጠብና መስታወት ፊት ቆሜ የታችኛውን ቆብ በጣቴ ሳብ አድርጌ ውስጡ ላይ ቀጭን መስመር አሰምራለሁ፣ የቱቦው ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም እንዳይነካ፣ ከዛ ጨፍኜ ትንሽ እቆያለሁ። ቀጥሎ ለቆዳ የሚሆነውን ስስ የሕክምና ፕላስተር ከላይኛው ቆብ ወደ ጉንጭ አድርጌ እለጥፋለሁ። እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቂ፣ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ መከደኑን ሳታረጋግጪ እንዳትለጥፊ፣ ከስር ክፍት ከሆነ ፕላስተሩ ራሱ ብሌኑን ይፍቀዋል፣ መጀመሪያ ሐኪምሽ ወይ ነርስ ቢያሳዩሽ ነው ደስ ሚለኝ። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ አርሰሽ ቀስ ብለሽ ነው ምታነሺው። ቆዳሽ ፕላስተር ካልቻለ እርጥበት አፍኖ የሚይዝ የመኝታ መነጽር አለ።

የጠዋቱ እብጠት ደግሞ ተዘርግተሽ ስትተኚ ፈሳሹ ዓይን ዙሪያ ስለሚጠራቀም ነው። ትራስ መደራረብ አንገት ነው ሚያሳምመው፣ የአልጋውን ራስጌ ከእግሩ ከፍ አድርጊው። ቬንቲሌተርም ካለ ወደ ፊትሽ አይንፈስ። ስትነሺ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ በረዶ በቀጥታ አይሆንም።

ጽኑ፦
እኔ ሁለት ሁለት ማየት ደርሼ ስለነበር የኔን ልጨምር። የዓይን ጡንቻው ሲያብጥ ሁለቱ ዓይኖች እኩል አይንቀሳቀሱም፣ እኔን ወደላይ ስመለከት ነበር ሚብስብኝ፣ ደረጃ ስወርድም ግድግዳ ይዤ ነበር። መነጽር ላይ የሚለጠፍ፣ ሁለት የሚታየውን ምስል አንድ የሚያደርግ ፕሪዝም የሚባል ነገር አለ፣ ሐኪም ለክቶ ይሰጣል፣ እስኪሰጠኝ ድረስ በአንዱ መስታወት ላይ ፕላስተር ለጥፌ እንቀሳቀስ ነበር፣ አንዱ ዓይን ሲጋረድ ምስሉ አንድ ይሆናል። መንዳት ግን በፍጹም፣ አንቺም እንደዛ ማየት ከጀመርሽ መኪናውን ትተሽ ለሐኪምሽ ደውይ።

ሌላው ሲጋራ ነው። ዓይኑ ላይ እንዲብስ ከሚያደርጉት በእጃችን ካሉት ነገሮች ትልቁ እሱ ነው፣ ሕክምናውም በሚያጨስ ሰው ላይ በደንብ አይሰራም። አንቺ ባታጨሺም አጠገብሽ የሚያጨስ ካለ ውጭ ወጥቶ ያጭስ በይው፣ ይሉኝታ አይያዝሽ።

ሐምራዊ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ የእንባውን ነገር እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ ማታ እህቴ ስተኛ ታየኛለች። አንድ ነገር፣ ሴሌኒየም የሚባል እንክብል ለዓይኑ ጥሩ ነው ብለውኛል፣ ለፀጉሬ ደግሞ ባዮቲን እየወሰድኩ ነው፣ ችግር አለው?

የዓይን ክፍል ነርስ፦
ሴሌኒየም ዝም ብሎ የተወራ ነገር አይደለም፣ በ2011 አውሮፓ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ፣ ቀላል ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች 100 ማይክሮግራም በቀን 2 ጊዜ ለ6 ወር ተሰጥቶ ከማይወስዱት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ሲበዛ መርዝ ነው፣ ፀጉር ያረግፋል ጥፍር ይሰባብራል፣ ስለዚህ ለሐኪምሽ ነግረሽ በልኩ፣ በራስሽ መጠን አትጨምሪ። ባዮቲኑ ዓይንሽን አይጎዳም፣ ግን የታይሮይድ የደም ምርመራን ያዛባል፣ ሆርሞንሽ ከፍ ያለ ሊያስመስል ይችላል፣ ከምርመራ በፊት ቢያንስ 2 ቀን አቁሚውና እንደምትወስጂው ለላብራቶሪውም ለሐኪሙም ተናገሪ። ደግሞ ወደፊት ለታይሮይዱ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን (ዕጢውን በጨረር የሚያዳክም ሕክምና) ከታሰበልሽ ዓይንሽ እንደተነካ አስቀድመሽ አሳውቂ፣ ዓይኑን ሊያብስ ስለሚችል ስቴሮይድ የሚባል ቁጣና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት አብሮ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ እቤት ሆነሽ ዓይንሽን መከታተል ልመጂ። አንዱን ዓይን በመዳፍሽ ሸፍነሽ በሌላው ደማቅ ቀይ ነገር ተመልከቺ፣ ጠርሙስ ክዳንም ቢሆን፣ ከዛ ቀይሪ። ቀዩ በአንዱ ዓይን ደብዝዞ፣ የታጠበ ቀይ መስሎ ከታየሽ እብጠቱ የዓይን ነርቭን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። እሱ ወይ እይታሽ ከቀነሰ፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ ወይ ከባድ ህመም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዛው ቀን ሂጂ፣ ድንገተኛም ቢሆን ግቢ። በየተወሰነ ጊዜ በአንድ ቦታ በአንድ ብርሃን ከፊትና ከጎን ፎቶ ተነሺ፣ ፎቶ እንደጠላሽ አውቃለሁ ግን ለማንም አታሳዪውም፣ ለሐኪምሽ ብቻ፣ ለውጡን ከዛ የተሻለ የሚያሳየው ነገር የለም።

ሐምራዊ፦
እሺ ለሐኪሜ ከሆነ እነሳለሁ። ኮንታክት ሌንስስ? ለስራ እሱን ነበር ማደርገው።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
ለጊዜው ተዪው፣ የደረቀና በደንብ የማይከደን ዓይን ላይ ብሌኑን ይጎዳል፣ ኢንፌክሽንም ያመጣል። ከጎንም የሚከልል ጥቁር መነጽር አድርጊ፣ ብርሃኑንም ነፋሱንም ይይዝልሻል፣ ኮምፒውተር ላይ ከሆንሽ ደግሞ ስክሪኑን ከዓይንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ወደታች ስታዪ ቆቡ ወርዶ ዓይንሽን የበለጠ ይሸፍነዋል።