ልጆች መቁጠሪያ እንዳይሰለቹ፣ በዓላቱንም እንዳይረሱ ምን ይደረግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምራቸው የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከ7 እስከ 9 ዓመት፣ ሌላው ከ13 እስከ 16። ትንንሾቹ መቁጠሪያ ሲጸለይ ሁለተኛው ምሥጢር (ከጌታና ከእመቤታችን ሕይወት አንድ ክስተት እየታሰበ የሚጸለየው ክፍል) ላይ ሳይደርሱ መቁነጥነጥ ይጀምራሉ። ትልልቆቹ ደግሞ «አንዱን ጸሎት 50 ጊዜ መደጋገም ለምን?» ብለው ይሞግታሉ። በዓላቱንማ ቀናቸውን ይሸመድዱና በሳምንቱ ይረሱታል። ከየት ልጀምር?

መልስ 1
ለትንንሾቹ ሙሉ መቁጠሪያ ይቅር። አምስቱ ምሥጢር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ምሥጢር ይበቃቸዋል፦ አንድ «አባታችን ሆይ»፣ አሥር «ጸጋ የሞላሽ ማርያም»፣ አንድ «ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ምስጋና ይሁን»። ከመስቀሉ የሚጀምረውን መግቢያ፣ ማለትም ጸሎተ ሃይማኖትንና ተከታዮቹን፣ ለጊዜው ይዝለሉት፤ ልጆች ዋናው ሳይጀመር የሚደክሙት እዚያ ላይ ነው። 59 ፍሬ ያለው መቁጠሪያም የት እንደደረሱ ያጠፋባቸዋል። አሥር ቋጠሮ የተቋጠረበት ወፍራም ገመድ ይሻላል፤ ጣታቸው ቋጠሮውን ዓይናቸውን ሳያነሱ ያገኘዋል።

ዓይናቸው የት ይሁን? ሥዕሉ ላይ። ብስራት ከሆነ የመልአኩንና የማርያምን ሥዕል ፊት ለፊት ያስቀምጡና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «መልአኩ ምን ሊነግራት መጣ?» መልሱን ከሰሙ በኋላ ጸሎቱ ይጀመር። ያለ ሥዕሉ የሚቀረው ቆጠራ ብቻ ነው።

ጸሎቱን በሁለት ወገን ሲቀባበሉ ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን ሳያስጨርስ ይገባል፤ ከዚያ እሽቅድምድም ይሆናል። ከየቡድኑ አንድ መሪ ልጅ ይምረጡ፣ ሌሎቹ የእሱን ድምፅ ይከተሉ። ደግሞ እባክዎ፣ የረበሸን ልጅ «ሂድና መቁጠሪያ ድገም» ብሎ መቅጣት አይገባም።

መልስ 2
የትልልቆቹ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አያፍኑት። «ስትጸልዩ በከንቱ አትድገሙ» የሚለውን ማቴዎስ 6፥7ን ራሳቸው ያንብቡት፣ ቀጥለው ማቴዎስ 26፥44ን። ጌታ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጸልዮአል። መዝሙር 136 (በአንዳንድ እትም 135) ደግሞ 26 ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብሎ ያልቃል። የተነቀፈው ልብ የሌለበት ልፍለፋ እንጂ ድግግሞሽ አለመሆኑን ያኔ ራሳቸው ይደርሱበታል። «ጸጋ የሞላሽ ማርያም» የሚለው ጸሎት የመጀመሪያ ክፍል ከሉቃስ 1፥28ና 1፥42 መወሰዱንም ያሳዩዋቸው።

ከዚያ ሥራ ይስጧቸው። አንዱ ከየምሥጢሩ በፊት ሁለት ሦስት የወንጌል ቁጥር ያንብብ፣ 20 ሴኮንድ ያህል ዝም ይባል። ዝምታው መጀመሪያ ያስቃቸዋል፤ አይቆጡ፣ ያልፋል።

መልስ 3
በዓላቱን ከመቁጠሪያው ለይታችሁ ስለምታስተምሩ ነው የሚረሱት። ብዙዎቹ ምሥጢራት የራሳቸው በዓል አላቸው። በላቲን (በምዕራቡ ካቶሊክ) ሥርዓት ብስራት ማርች 25፣ ማርያም ኤልሳቤጥን የጎበኘችበት ሜይ 31፣ ልደት ዲሴምበር 25፣ ኢየሱስ በቤተ መቅደስ የቀረበበት ፌብሩዋሪ 2 ነው። አራቱም የደስታ ምሥጢራት ከሚባለው የመቁጠሪያ ምድብ ናቸው። ከብርሃን ምሥጢራት ጌታ በተራራው የተለወጠበት ኦገስት 6፣ ከክብር ምሥጢራት ፍልሰታ ኦገስት 15።

ቀኖቹን ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሯቸው። ከማርች 25 እስከ ዲሴምበር 25 ዘጠኝ ወር፤ ዲሴምበር 25 አንድ ተብሎ ሲቆጠር ፌብሩዋሪ 2 አርባኛው ቀን። የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ጁን 24 የሆነውም ኤልሳቤጥ ብስራት ሲነገር በስድስተኛ ወሯ ስለነበረች ነው (ሉቃስ 1፥36)። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ቀኑን ለመርሳት ይቸገራል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ማርች 25 በሕማማት ሳምንት ከዋለ በዓሉ ይዛወራል፤ በ2024 አፕሪል 8 ተከብሯል። ያልተነገራቸው ልጆች «የተማርነው ስህተት ነው» ይላሉ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትልልቆቹ ለዲሴምበር 8፣ ማርያም ያለ ኃጢአት ለተፀነሰችበት በዓል፣ ኖቬና (የዘጠኝ ቀን ጸሎት) ሊይዙ ይፈልጋሉ። ኖቬምበር 30 ይጀመር?

መልስ 3
ኖቬምበር 29። ዘጠነኛው ቀን የበዓሉ ዋዜማ ላይ እንዲውል ነው የሚቆጠረው፤ በ30 ከጀመሩ ዘጠነኛው ራሱ በዓሉ ላይ ያርፍባቸዋል። በየቀኑ አንድ ምሥጢርና አንድ አጭር ልመና ይብቃ። አንድ ቀን ያመለጠው ልጅ ሁሉንም እንዲተው አያድርጉ፣ ከቡድኑ ጋር ይቀጥል።