በቃል ለተነገረኝ ክልከላ የጽሑፍ ውሳኔ እንዴት ላግኝ?

የአስተዳደር ሕግን የምታውቁ ወገኖች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በርበሬና ሽሮ የሚያሽግ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። የብቃት ማረጋገጫዬን ለማሳደስ ለአንድ የፌዴራል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ካመለከትኩ አራት ወር አልፏል፤ መዝገብ ቤቱ ማኅተም ያሳረፈበት ቅጂም በእጄ ይገኛል። ሆኖም ባለሙያዋ «በአዲሱ መመሪያ መሠረት የማሸጊያ ክፍልህ ስፋት አይበቃም» ከማለት በቀር መመሪያውን አላሳየችኝም፤ ኃላፊውን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ብመላለስም ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ተመልሻለሁ።

እስከማውቀው ድረስ አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን፣ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ የሚያወጡት ሕግ በሰጣቸው ውክልና ልክ ብቻ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ከጸደቀ በኋላም እንዲመዘገብ፣ አስተዳደራዊ ውሳኔም ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። የተባለውን መመሪያ በፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

እንግዲህ የቸገረኝ ይህ ነው፦ የጽሑፍ ውሳኔ ሳልይዝ የመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አካል አቤቱታዬን ይቀበላል? ዝምታውን እንደ ክልከላ ቆጥሬ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት እችላለሁ ወይስ አስቀድሜ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ልሂድ? ስድስት ሠራተኞቼ ያለ ሥራ ስለተቀመጡ፣ ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠመው ሰው የመጀመሪያው ደብዳቤ ለማንና እንዴት እንደሚጻፍ ቢያሳየኝ ትልቅ ውለታ ነው።